30 የሚነዳው ቆሟል፣ 50 የሚነዳው ገና ፍሬን መንካቱ ነው

በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ መኪና ሲበር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የሾፌሩን ጠባይ ነው። «ልጅ የለውም እንዴ?»፣ «ጎረምሳ መሆን አለበት»፣ «ሰው ጠጥቶ ለምን ይነዳል?» ይባላል፤ መኪናው ይርቃል፣ ወሬውም እዚያው ይቀራል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የቤቴ በር የሚከፈተው ቀጥ ብሎ በሚሄድ፣ ሰፊና ለስላሳ አስፋልት በለበሰ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሥራዬም የቤቴም ነው። ስለ ሾፌሮች ጠባይ ስናወራ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድም መኪና ቀስ ሲል አላየሁም። ማውራት የምፈልገው ስለ ሜትርና ስለ ሰከንድ፣ ከዚያም ስለ መንገዱ ቅርጽ ነው።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 8.3 ሜትር ይጓዛል። 50 የሚሄደው 13.9 ሜትር። አሽከርካሪው ልጅ መንገድ ውስጥ ስትገባ ካየበት ቅጽበት አንስቶ እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ይህም ለነቃና ዓይኑ መንገዱ ላይ ላለ ሰው ነው፤ የደከመው፣ ስልኩን የሚያየው ወይም ከኋላ ከተቀመጡት ጋር የሚነጋገረው ከዚያ በላይ ይወስድበታል። በዚያች ሰከንድ መኪናው ምንም አልቀነሰም፣ በያዘው ፍጥነት እየሄደ ነው። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ደግሞ በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ ፍጥነቱ በእያንዳንዷ ሰከንድ 7 ሜትር በሰከንድ ያህል ይቀንሳል ብለን እናስላ።

30 የሚነዳው ፍሬን እስኪረግጥ 8.3 ሜትር ይሄዳል፤ ከረገጠ በኋላ እስኪቆም 5 ሜትር ያህል ይጨምራል። ድምሩ 13 ሜትር ከትንሽ ነው። 50 የሚነዳው ገና ፍሬኑን ሳይነካ 13.9 ሜትር ሄዷል፤ እስኪቆም ሌላ 14 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ ወደ 28 ሜትር ነው።

አሁን ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን እየሄዱ ነው እንበል። አንዱ 30፣ ሌላው 50። ከፊታቸው በ14 ሜትር ርቀት ላይ ልጅ ገባች፣ ሁለቱም ሾፌሮች እኩል አዩዋት። 30 የሚነዳው እሷ ጋ ሳይደርስ ቆሟል። 50 የሚነዳው ግን የሚመታት በ50 ነው። በ20 አይደለም፣ በ35 አይደለም። ፍሬኑን ገና መንካቱ ነው። ሁለቱም ሰዎች እኩል ንቁ፣ እኩል ሩህሩህ፣ እኩል የልጅ አባት ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የፍጥነት መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ይህን ሰሌዳ ላይ ስሠራ ሁልጊዜ አንድ ተማሪ «40 ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ራሱን ጠንቃቃ ብሎ የሚቆጥረው 40 ላይ ነውና። 40 የሚነዳው ፍሬን እስኪይዝ 11.1 ሜትር ይሄዳል፤ ከ14ቱ የሚቀረው 3 ሜትር አይሞላም። ልጅቷ ጋ ሲደርስ ገና 33 ገደማ ይዟል።

ግጭቱ ራሱም ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። የሚንቀሳቀስ አካል ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ከ30 ወደ 50 ሲኬድ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ጉልበቱ 2.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በ30 መመታት ከ3.5 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት እንደመምታት ነው። በ50 መመታት ደግሞ ከ10 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ እንደመውደቅ። ልጁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ መከላከያ በሌለው በረንዳ የሚያጫውት ወላጅ አላውቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚሞት፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ ከምንም ነገር በላይ የሞት ምክንያት ይህ እንደሆነ ይናገራል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ሞተረኞች ናቸው። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት ግጭት 4 በመቶ ያህል እንደሚጨምርም ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ የመንግሥታት ሚኒስትሮችና ተወካዮች እግረኛ፣ ብስክሌትና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነት ጣሪያው 30 እንዲሆን ያወጁት ከዚህ ተነስተው ነው። 30 የዘፈቀደ ቁጥር አይደለም። የሰው አጥንት የሚችለውና የሰው ዓይንና እግር የሚደርሱበት ቁጥር ነው።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። መንገዳችን ላይ 50 ሜትር በሜትር ለካሁና ሁለቱን ጫፎች በጠመኔ ምልክት አደረግሁባቸው። መኪናው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ የስልኬን ሰዓት አስነሳለሁ፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ አቆማለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 180ን ለሰከንዱ ማካፈል። 6 ሰከንድ ከፈጀበት 30 ነው፣ 4.5 ከሆነ 40፣ 3.6 ከሆነ 50። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። መሞከር የሚፈልግ ካለ ሁለት ነገር ልምከር። አንደኛ፣ ለሾፌሩ በማይታይ ቦታ ቁሙ፤ ወረቀት ይዞ የቆመ ሰው ያየ ሁሉ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ፈጣን የመሰላችሁን ብቻ አትመዝግቡ፤ ያለፈውን ሁሉ መዝግቡ። ጆሮ ያታልላልና። ጭስ ማውጫው የሚጮህ ሞተር አልፎ ሁላችንም ስንበሳጭ ስሌቱ 34 ያሳያል። ከኋላው ድምፅ የሌለው አዲስ መኪና በ52 ሲያልፍ ግን ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም።

በዚህ መሃል አንድ ትልቅ ሰው፣ ከእኛ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጎረቤት፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ቲቸር፣ ምን እየለካሽ ነው?»

«የመኪኖቹን ፍጥነት ነው ጋሼ።»

«ጎሽ! እነዚህን የሚያልፉ የሚያገድሙ ልጆች አስይዢልን። ሰፈራችንን የሩጫ ሜዳ አደረጉት።»

ወረቀቱን አሳየኋቸው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጡ በ47 ነበር ያለፉት።

«በፍጹም! እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።» ትንሽ ቆዩና ደግሞ «መንገዱ ባዶ ነበር» አሉ። «47 ላይ መሆኔ ጨርሶ አልታወቀኝም።»

አልዋሹም። እዚህ ሰፈር ውስጥ እንደሳቸው ሰው የሚያከብር የለም ብል አላጋነንኩም። ወረቀቱ ላይ ካሉት ከ40 በላይ ከሄዱ መኪኖች ብዙዎቹን ማን እንደሚነዳቸው አውቃለሁ፤ እዚሁ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። «አልታወቀኝም» የሚለው ቃላቸው ነው የነገሩን ቁልፍ የሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ሾፌር ፍጥነቱን የሚመርጠው ታፔላ አንብቦ አይደለም። መንገዱን አይቶ ነው። ከጎን የሚያልፉት ነገሮች ቅርብ ሲሆኑ፣ ግንድ፣ አጥር፣ የቆመ መኪና፣ ዓይኑ ላይ በፍጥነት ይሮጡበታል፤ እየበረረ እንደሆነ ይሰማዋል፣ እግሩም ሳያዘው ይቀልላል። መንገዱ ሰፊ ሲሆን፣ ቀጥ ሲል፣ መጨረሻው ከሩቅ ሲታይ፣ አስፋልቱ ሳይንገጫገጭ ሲሄድ ግን 50 እንደ 30 ይሰማል። የእኛን መንገድ የሠሩት ሰዎች ሁለት ከባድ መኪና ሳይነካካ የሚተላለፍበት ስፋት ሰጥተውታል፤ መታጠፊያዎቹንም ፍሬን ሳይያዝ እንዲታጠፍባቸው አድርገው ሰፋ አድርገዋቸዋል። ከዚያ ጫፉ ላይ 30 የሚል ክብ ታፔላ ተከሉበት። ታፔላው አንድ ነገር ይላል፣ ቀሪው መንገድ በሙሉ ተቃራኒውን ይላል። ሾፌሩ የሚሰማው መንገዱን ነው።

ቁጣም፣ ምክርም፣ ክላክስ ነፍቶ መሳደብም ለዚህ ነው የማይሠራው። ፖሊስ ሲቆም ይሠራል፣ ሲሄድ ይቆማል፤ በየቅያሱ ፖሊስ ማቆም ደግሞ አይቻልም።

በዚህ ጉዳይ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር አንድ ሰው ይነሳና «ወላጆች ልጆቻቸውን ይያዙ» ይላል። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነው በሮያል ሆሎዌይ ያሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የሚመጣን መኪና እየቀረበ መሆኑን በትክክል መገመት እንደማይችሉ አሳይቷል። የሚመጣ ነገር መቅረቡን የምናውቀው በዓይናችን ውስጥ እየተለቀ ሲሄድ ነው፤ ያን ለውጥ የማንበብ ችሎታ ደግሞ ከዕድሜ ጋር የሚበስል ነው። ስለዚህ ልጅቷ ግራና ቀኝ አይታ፣ የተነገራትን ሁሉ አድርጋ፣ መኪናው የቆመ መስሏት ልትገባ ትችላለች። ሰባት ዓመቷ ስለሆነ ዓይኗ ያልደረሰበትን እንድታውቅ መጠየቅ፣ ከዚያ ስትመታ «ዘላ ገባች» ማለት፣ ትክክል አይደለም።

ይህን ስጽፍ የማስበው ከፊት ለፊታችን ያለችውን ልጅ ነው። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። በቆሙ ሁለት መኪኖች መሃል ኳስ ተከትላ ወጣች። የገጫት ጎረቤት ወደ ግቢው ሊታጠፍ ፍጥነቱን ቀንሶ ስለነበር ጭኗ ተሰብሮ ተረፈች። ሰውዬው አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ «አላየኋትም፣ አላየኋትም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ሊያያት አይችልም ነበር። የአንድ ትንሽ ልጅ ቁመት ከቆመ መኪና ጣሪያ በታች ነው፤ አሁን አሁን የሚመጡት ኮፈናቸው ከፍ ያለ መኪኖች ደግሞ ነገሩን አብሰውታል። እዚያው መንገድ ላይ፣ ከግቢው ሃምሳ እርምጃ ቀደም ብላ ብትወጣ ኖሮ፣ መኪናው ገና ሳይቀንስ ያገኛት ነበር። አሁን ትሮጣለች፣ ትዘላለች። መንገዱ ግን ያው ነው።

ይህን ሁሉ ያለፉበት አሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ፤ ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። ወላጆች «የልጆች ግድያ ይቁም» የሚል ንቅናቄ አቋቁመው አደባባይ ወጡ፣ መንገድ ዘጉ፣ ከብስክሌታቸው ጋር አስፋልት ላይ ተኙ። ከዚያ ቀደም ብሎ በደልፍት ከተማ የአንዳንድ ሰፈር ነዋሪዎች መንገዱን በዛፍ፣ በአበባ ማሳደጊያና በመቀመጫ እያጠማዘዙ መኪናው በሰው እርምጃ እንዲሄድ የሚያስገድድ አሠራር ጀምረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ይህ የሰፈር መንገድ ዓይነት በሕግ ታወቀ። ዛሬ የዚያን አገር ልጆች በብስክሌት ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያይ ሰው «ባህላቸው ነው» ይላል። ከባህል በፊት አስፋልት ላይ የተኙ ወላጆች ነበሩ።

ሌላው የማልረሳው ዶናልድ አፕልያርድ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የከተማ ንድፍ ያስተምር ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን መርጦ ነዋሪዎቹን አነጋገረ፤ በአንዱ በቀን 2,000 ያህል መኪና ያልፋል፣ በሁለተኛው 8,000፣ በሦስተኛው 16,000። መኪና በሚቀንስበት መንገድ የሚኖሩት፣ በሚበዛበት ካሉት ይልቅ በዚያው መንገድ ላይ ሦስት እጥፍ ወዳጅ ነበራቸው። የቤቴ የሚሉት ቦታም ይሰፋል፤ ከበራቸው አልፎ መንገዱን ይጨምራል። ይህ ስለ መኪና ብዛት እንጂ ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ግን ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ ሰፊና ፈጣን መንገድ አቋራጭ ፈላጊን ይጠራልና። አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1982 አቴንስ ውስጥ በፍጥነት ይነዳ በነበረ መኪና ተገጭቶ ሞተ።

ምን ይሠራ ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ጉብታ ነው። እኔም እደግፈዋለሁ፣ ግን በትክክል ከተሠራ። በየሰፈሩ ነዋሪው ተሰብስቦ በራሱ ሲሚንቶ የሚሠራው አጭርና ሹል ጉብታ ብዙ ጉዳት አለው። ሞተረኛና ብስክሌት ነጂ ይጥላል፣ አምቡላንስ ውስጥ የተኛን ሕመምተኛ ያንገላታል። እንዲህ ዓይነቱ አጭር ጉብታ ላይ ደግሞ በፍጥነት የሄደ ሾፌር በቀስታ ከሄደው ያነሰ የሚንገጫገጭበት ጊዜ አለ፤ ጎማው ሲዘል አካሉ ሳይነሳ ያልፋልና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ተቋም ያወጣው ቅርጽ ይህን ይፈታል። ርዝመቱ 3.7 ሜትር፣ ከፍታው ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ክብ ጉብታ ነው። መኪናው በሙሉ ይወጣበታል፣ በ25 ወይም በ30 ለሚሄድ ምንም አይደለም፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ግን ያንገጫግጫል። ቀስ ብሎ የሚነዳውን አይቀጣም።

አንድ ጉብታ ብቻውን ግን ከንቱ ነው። ሾፌሩ እዚያች ላይ ፍሬን ይይዛል፣ ካለፈ በኋላ የባከነበትን ለማካካስ ነዳጅ ይረግጣል። ከጉብታው 60 ሜትር አልፎ ያለው ቤት ከበፊቱ የባሰ ይሆንበታል፤ ጩኸቱም ይጨመርበታል። ተከታታይ መሆን አለባቸው፣ መሃላቸው ከ100 ሜትር ባይበልጥ። «ከእኔ በር ፊት ይሠራልኝ» የሚለው ጭቅጭቅ የሚነሳው አንድ ብቻ ሲታሰብ ነው።

እኔን ከጉብታው ይልቅ የሚስበኝ መታጠፊያው ነው። ስለ እሱ ማንም አያነሳም። የማዕዘኑ ጠርዝ ጠበብ ተደርጎ ቢሠራ መኪናው ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ሲገባ በ15 ካልሆነ መታጠፍ አይችልም። ፍጥነቱን ይዞ አይገባም ማለት ነው፤ እግረኛውም የሚያቋርጠው ርቀት ያጥራል። ይህን በቀለምና በፕላስቲክ ምሰሶ መሞከር ይቻላል፤ ካልሠራ ይነሳል። የእግረኛ ማቋረጫውን ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከፍ አድርጎ መሥራት፣ መኪኖች አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እንዲቆሙ በማድረግ ቀጥ ያለውን መንገድ ማጠማዘዝ፣ አቋራጭ የሆነውን ጫፍ ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ክፍት መተው፣ እነዚህም ሁሉ አሉ። ስልክ ላይ ያለው የመንገድ ጠቋሚ ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ ሰውን ሁሉ ወደ ሰፈር ስለሚልክ የመጨረሻው ዘዴ ጥቅም ከፍ እያለ ነው።

«ሰዓት ይፈጅብናል» የሚሉ አሉ። እንቁጠረው። የእኛ መንገድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ30 ሲነዳ 60 ሰከንድ ይፈጃል፣ በ50 ሲነዳ 36። የምንከራከረው በ24 ሰከንድ ነው፤ ያም መታጠፊያው ላይ ቆሞ ተራ ሲጠበቅ የሚጠፋ ነው። ግራዝ የተባለችው የኦስትሪያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዋና ዋና መንገዶች በስተቀር ሙሉ ከተማዋን 30 አድርጋለች፤ ሥራዋ አልቆመም። የፊንላንዷ ሄልሲንኪ ከግማሽ በላይ መንገዶቿን ወደ 30 አውርዳ፣ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2025 ባሉት አሥራ ሁለት ወራት በከተማዋ በመንገድ አደጋ አንድ ሰው አልሞተባትም። በኖርዌይዋ ኦስሎ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌት ነጂ አልሞተም። እነዚህ ከተሞች ውስጥ የሚነዱት ከእኛ የተለየ ልብ ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ አይመስለኝም።

እኛ አሁን ያለንበት እንዲህ ነው። የመንገዱ ነዋሪዎች ፈርመን መንገዱን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገብተናል። ደብዳቤው ላይ ስለ ማንም ጠባይ አልጻፍንም። የልኬቱን ወረቀት አያይዘናል፣ የመንገዱን ስፋትና የመታጠፊያውን ሥዕል ጨምረናል፣ ሁለቱ መታጠፊያዎች እንዲጠቡ፣ በመሃሉ ተከታታይ ለስላሳ ጉብታ እንዲሠራ፣ ከማዕዘኑ አጠገብ መኪና ማቆም እንዲከለከል ጠይቀናል። የመጨረሻውን ምላሽ ሳንጠብቅ ራሳችን ጀምረነዋል፤ ጋሼ በየቤቱ እየዞሩ አነጋግረው ማዕዘኑ ላይ የሚቆሙት መኪኖች ወደ ግቢ ገብተዋል፣ አሁን የሚያቋርጥ ልጅ ከሩቅ ይታያል። ሥራው ሲጀመር የጠመኔውን ምልክት በቀለም እናድሰዋለን። ተሠርቶ ሲያልቅ እዚያው 50 ሜትር ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያለፈውን ሁሉ እየመዘገብን ደግመን እንለካለን። ከመቶው መኪና 85ቱ 6 ሰከንድና ከዚያ በላይ ካልፈጀበት ሥራው አላለቀም ብለን ሁለተኛውን ደብዳቤ እናስገባለን።